«ከቲቢ ጋር ይስማማል» ብዬ የፈረምኩላቸው እናት

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። ስለ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ነው የምጽፈው። በሥራ ዘመኔ ስንት መቶ ጊዜ እንደጻፍኳቸው አልቆጠርኩም፤ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ እረሳቸው ነበር። እንዲህ ይላሉ፦ «ፈሳሹ ሊምፎሳይት የበዛበት ነው። የካንሰር ሴል አልታየም። ከቲቢ ጋር ይስማማል።»

ፓቶሎጂስት ነኝ። ፓቶሎጂስት ሲባል ብዙ ሰው ሬሳ መርማሪ ብቻ ይመስለዋል፤ ሥራዬን ስናገር ወንበሩን ፈቀቅ ያደረገ ሰው ሁሉ አጋጥሞኛል። አብዛኛው ቀኔ የሚያልፈው ግን ከሕያዋን በተወሰደ ናሙና ላይ ነው። ከአንገት ንፍፊት በመርፌ የተቀዳ፣ ከጡት እብጠት የተወሰደ፣ ከሆድ ወይም ከሳንባ ዙሪያ የወጣ ውሃ። የምሠራው ከአዲስ አበባ ውጭ፣ በአንድ የክልል ከተማ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ የምነግራችሁ ስህተት ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

«ሳንባው ውሃ ቋጠረ» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። ውሃው ያለው ሳንባው ውስጥ ሳይሆን ሳንባውንና የደረትን ግድግዳ በሸፈኑት ሁለት ስስ ሽፋኖች መካከል ነው። በጤነኛ ሰው እዚያ ያለው ፈሳሽ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም፤ ሽፋኖቹ በምንተነፍስበት ጊዜ እንዳይፋተጉ ያለሰልሳል። ሲታመም ግን አንድ ሊትር፣ ሁለት ሊትር ይሞላል፤ ሰውየው ጋደም ማለት ያቅተዋል። ሐኪሙ በጀርባ በኩል፣ በጎድን አጥንቶች መካከል መርፌ አስገብቶ ይቀዳል። ከተቀዳው ጥቂቱ ለፕሮቲንና ለስኳር ልኬት፣ ጥቂቱ ለጂን ኤክስፐርት ይሄዳል፣ ጥቂቱ ደግሞ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ጋ ሲደርስ በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከራል፤ ከሥር የዘቀጠው ስላይድ ላይ ይቀባል፣ ቀለም ይነከራል፤ ከዚያ በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ።

ብዙ ጊዜ የማየው ሊምፎሳይት ነው። ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ነው፤ ትንሽ፣ ክብ፣ መካከሉ ጥቁር ወይን ጠጅ፣ ዙሪያው ላይ ስስ ሰማያዊ ጠርዝ። ከመቶው ሴል ሰማንያው ዘጠናው እሱ የሚሆንበት ፈሳሽ በየሳምንቱ ይመጣል።

ሰፈር ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ሰው ተሰብስቦ ከሩቅ ብታዩ አንድ ነገር እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ለቅሶ ይሁን ሠርግ ግን ቀረብ ካላላችሁ አትለዩም። የሊምፎሳይት መብዛትም እንዲሁ ነው። በቲቢ ይሰበሰባሉ። ሌላ ቦታ የጀመረ ካንሰር ሽፋኑ ላይ ሲደርስም ይሰበሰባሉ። ሩማቶይድ በሚባለው የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላም እንዲሁ። ሊምፎማ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በሽታው ራሳቸው የተሰበሰቡት ናቸው።

ታዲያ ለምን ቲቢ እንላለን? የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢ ከጸናባቸው 30 አገሮች አንዷ አድርጎ ኢትዮጵያን ይቆጥራታል። እኛ ጋ ከሚመዘገበው ቲቢ ሲሶ ያህሉ ከሳንባ ውጭ ያለው ነው። ባክቴሪያው ደግሞ በሳንባ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ የሳንባ ሽፋን ቲቢ በአብዛኛው ሰውነት በጥቂት ባክቴሪያ ላይ የሚያስነሳው ቁጣ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲፈለግ ከአሥር ሕመምተኛ በአንዱ እንኳ አይታይም። ጂን ኤክስፐርትም አክታ ላይ ጎበዝ ቢሆንም የሳንባ ውሃ ላይ ግማሽ ያህሉን ይስታል። ስለዚህ «ኔጌቲቭ» የሚል ወረቀት ቲቢ የለም ማለት አይደለም። ኤዲኤ የሚባል የኢንዛይም ልኬት አለ፤ ከ40 በላይ ሲሆን ወደ ቲቢ ያመለክታል። እኔ ባለሁበት አይሠራም። ቢሠራም ሊምፎማም ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ስለዚህ ሐኪሙ የቀረውን ይዞ ይወስናል። ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ፕሮቲን የበዛበት ውሃ፣ ከእኔ ደግሞ «ሊምፎሳይት የበዛበት» የሚል ቃል። ቲቢ ብሎ ይጀምራል። እኔም ብሆን እጀምር ነበር። ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ሕመምተኛው በስድስት ወር ድኖ ወደ ሥራው ይመለሳል። አደጋው እዚሁ ላይ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ትክክል የሆነ ሰው በአሥረኛው አይጠነቀቅም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ደግሞ የሊምፎማም ምልክቶች ናቸው።

እናትየው ወደ 58 ዓመት ይሆናቸው ነበር። እኔ አላየኋቸውም፤ ያየሁት ፈሳሻቸውን ነው። ሴት ልጃቸው ናት ይዛው የመጣችው፤ 20 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ሲሪንጅ፣ ግማሹን ብቻ የሞላ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። ለእንዲህ ያለ ምርመራ ቢያንስ ከ50 እስከ 75 ሚሊ ሊትር ነው የሚመከረው። ግን ቀሪው ሊትር የት እንደሚደፋ ሁላችንም እናውቃለን። የምርመራ መጠየቂያው ወረቀት ላይ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የካርድ ቁጥርና አንዲት ቃል ከነጥያቄ ምልክቷ ነበሩ፦ «ቲቢ?»

አየሁት። ትንንሽ፣ የበሰሉ የሚመስሉ ሊምፎሳይቶች። ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ጻፍኩ። ምናልባት አራት ደቂቃ ፈጅቶብኛል።

በሁለተኛው ወር ውሃው ተመልሶ ሞላና ሌላ ናሙና መጣ። መዝገቡን ገልጬ የቀድሞውን ሪፖርት አየሁ። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው፤ የራሴን ሪፖርት እንደ ማስረጃ ቆጠርኩት። «ይቺ እኮ የቲቢዋ ናት» ብዬ ነበር ወደ ማይክሮስኮፑ ያጎነበስኩት። ያንኑ ጻፍኩ።

በአራተኛው ወር ልጅቷ ናሙናውን መስኮት ላይ ትታ አልሄደችም። በሩን አንኳኩታ ገባች።

«ዶክተር ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እማዬ መድኃኒቷን አንድ ቀን አቋርጣ አታውቅም። ጤና ጣቢያ እኔው ነኝ የማመላልሳት። ለምን አልተሻላትም?»

ሕመምተኛ ወይም ቤተሰብ እኔ ክፍል አይገባም፤ የሥራችን ጠባይ ነው። ስለዚህ ምን እንደምላት ጠፋኝ። ዝም ላለማለት ያህል፣ «ሌላ ቦታ እብጠት አላት እንዴ እህቴ?» አልኳት።

«ብብቷ ሥር አለ እንጂ። ከመጀመሪያውም ነበረ። ስንነግራቸው ከቲቢው ነው ተባልን።»

ወረቀቱ ላይ አልነበረም። በሁለቱም ጊዜ አልነበረም። ሐኪሙን ልወቅስ አልችልም፤ በዚያ ተመላላሽ ክፍል በአንድ ጠዋት ስንት ሰው እንደሚያይ አውቃለሁ፤ ደግሞ የብብት ንፍፊት በአገራችን ብዙ ጊዜ ቲቢ ነው። እኔም ስልክ አንስቼ አልጠየቅኩም። የስልኩ ቁጥር ጠረጴዛዬ ላይ ተለጥፎ ነበር።

በማግስቱ እናትየው መጡ። ከብብታቸው በቀጭን መርፌ ቀዳሁ፤ ከፈሳሹም አዲስ ስላይድ ሠራሁ። በዚህኛው ላይ ከትንንሾቹ መካከል ትልልቅ፣ ጠርዛቸው የተቦዳደሰ፣ ኒውክሊዮላቸው ያፈጠጠ ሴሎች ነበሩ። መርፌውን ነቅዬ ጥጥ ስይዝላቸው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ። «እግዜር ያክብርህ ልጄ፣ ደክመህልኛል» አሉኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም።

የዚያን ቀን ማታ የቀድሞዎቹን ስላይዶች ከሣጥን አውጥቼ እንደገና አየሁ። ይህን ክፍል ለሙያ ባልደረቦቼ ብዬ ትንሽ አስረዝመዋለሁ፤ ሌሎቻችሁ ታገሱኝ። በመጀመሪያው ስላይድ ላይ አንዳንዶቹ ኒውክለሶች መሃላቸው ላይ የተሰነጠቁ ይመስላሉ። አሁን ስለማውቅ ነው የታየኝ ወይስ ያኔም ይታይ ነበር? ራሴን ደግ ላልሁን ብዬ ብዙ ሞከርኩ። እውነቱ ግን ይህ ነው፤ ትልልቅ ሴል ያለው ሊምፎማ ማይክሮስኮፕ ላይ ራሱን ያጋልጣል፤ ቀስ ብሎ የሚሄደው፣ የትንንሽ ሴሎቹ ዓይነት ግን ከቲቢው ሊምፎሳይት በዓይን አይለይም። «ሁሉም አንድ ዓይነት መልክ ካላቸው ሊምፎማ ነው» የሚል ነገር ተማሪ እያለን ሰምተናል፤ የቲቢ ሊምፎሳይትም እኮ አንድ ዓይነት መልክ ነው ያለው። በቲቢ ፈሳሽ ውስጥ ሜሶቴሊያል የሚባሉት የሽፋኑ የራሱ ሴሎች ጥቂት ናቸው፤ ብዙ ካሉ መጠራጠር ይገባል። ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ ግን ይህም ላይሠራ ይችላል።

የሚለየው ሴሎቹ ላዩ ላይ የለበሱት ምልክት ነው። የቲቢ ሊምፎሳይት በአብዛኛው ቲ ሴል ነው፤ ሲዲ3 የሚባለውን ምልክት ይይዛል። ሊምፎማ በአብዛኛው ከቢ ሴል ይነሳል፤ ሲዲ20ን ይይዛል። ቢ ሴሎቹ ሁሉ ካፓ ብቻ ወይም ላምዳ ብቻ ከሆኑ ከአንድ ሴል የተባዙ ናቸው ማለት ነው፤ ጥርጣሬው በጣም ይጸናል። ይህን የሚያሳየው ምርመራ እኔ ባለሁበት ከተማ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። የዓለም የቲቢ ቀን በየዓመቱ መጋቢት 15 የሚከበረው ሮበርት ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያሳወቀበት ቀን ስለሆነ ነው፤ እ.ኤ.አ. 1882። አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ፓውል ኤርሊክ ነው። ኤርሊክ ከዚያ በፊት ነጭ የደም ሴሎችን በቀለም እየነከረ በዓይነት የለየ ሰው ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ደግሞ የቲቢውን ባክቴሪያ የማቅለሚያ ዘዴ አሻሻለ። ቆይቶም በራሱ አክታ ውስጥ ባክቴሪያውን አግኝቶ ለማገገም ወደ ግብፅ ሄደ። ጠረጴዛዬ ላይ የሚጣሉት ሁለት ጥያቄዎች፣ «የምን ሴል ነው?» እና «ቲቢ ነው ወይ?»፣ በአንድ ሰው እጅ አልፈዋል። እኔ ከመቶ ሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሰጠሁት የመጀመሪያውን ሳልጨርስ ነው።

ንፍፊቱ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ አዲስ አበባ ተላከ። መልሱ በአምስተኛው ሳምንት መጣ። ፎሊኩላር ሊምፎማ፣ ከፊሉ ወደ ፈጣኑ ዓይነት የተለወጠ። የቲቢው መድኃኒት ቆመ። ልጅቷ እናቷን ይዛ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ገባች፤ ስድስት ዙር ኬሞ ወሰዱ። ውሃው ደረቀ፤ እንጀራ መጋገር ሁሉ ጀምረው ነበር። ከዓመት ከምናምን በኋላ ተመልሶ መጣባቸው። በዐቢይ ጾም አረፉ። ልጅቷ ደውላ ነገረችኝ። ጥፋት አልፈለገችብኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «እነዚያ አራት ወሮች ባይባክኑ ይለወጥ ነበር?»

«አላውቅም» አልኳት። አላወቅኩም። በሽታው ቀስ ብሎ የሚሄድ ዓይነት ነው፤ የተለወጠው በእነዚያ ወሮች ይሁን ከዚያ በፊት ስላይዶቹ አይናገሩም።

የቻናሉ አንባቢ ፖለቲካና ኢኮኖሚ ስለሚወድ ወደዚያ ላምጣው። የቲቢ መድኃኒት በነጻ ነው፤ ጤና ጣቢያ ድረስ ይደርሳል፤ መዝገብ አለው፣ ቅጽ አለው፣ ሪፖርት የሚጠይቅ ኃላፊ አለው። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ የውጭ እርዳታ በሚቀንስበት በዚህ ጊዜ እንዳይጎድል እፈራለሁ። ግን አንደኛው በሽታ የተጠረገ መንገድ ኖሮት ሌላው ምንም ሲያጣ፣ ሐኪምም ሳይታወቀው ወደ ተጠረገው ያዘነብላል። ለቲቢ ከተጻፈ ነገ መድኃኒት ይጀመራል። «ሊምፎማ ሊሆን ይችላል» ብዬ ብጽፍ አዲስ አበባ መሄድ፣ አልጋ መከራየት፣ ከኪስ መክፈል፣ ወር መጠበቅ ይከተላል። ብዕሬ ይህን ያውቃል። ማንም ሳይነግረኝ ለሕመምተኛው የሚቀለውን እጽፍለት ነበር፤ ደግነት ይመስለኝ ነበር።

በተቃራኒውም ተሳስቻለሁ፤ በአጭሩ ልንገራችሁ። ከእናትየው በኋላ ባሉት ወራት ሁሉንም መጠርጠር ጀመርኩ። የ22 ዓመት ወጣት ፈሳሽ ላይ ጥቂት ትልልቅ ሴሎች አይቼ «ሊምፎማ ያጠራጥራል» ብዬ ጻፍኩ። አባቱ ሁለት በሬ ሸጠው አዲስ አበባ ወሰዱት። ቲቢ ነበር፤ ሊምፎሳይት ሲቆጣም ይተልቃል። ልጁ ድኗል። በሬዎቹ አልተመለሱም።

እ.ኤ.አ. 2020 የወጣ የፈሳሽ ሴል ምርመራ ዓለም አቀፍ የአጻጻፍ ሥርዓት አለ፤ ውጤትን በአምስት ይከፍላል። ናሙናው አይበቃም፣ ካንሰር አልታየም፣ ያልተለየ ለውጥ አለ፣ ያጠራጥራል፣ ካንሰር ነው። ጠቃሚ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ሴል ከሌለበት፣ ታሪክ ካልተጻፈበት፣ መልሶ የሚጠይቅ ካልኖረ አምስቱም ሣጥኖች ባዶ ናቸው።

ውድ መሣሪያ እስኪመጣ አልጠበቅኩም፤ ማድረግ የምችለውን ጀምሬአለሁ። ስላይድ ከተሠራ በኋላ የሚቀረውን ዝቃጭ አልደፋም። በፎርማሊን አደርቀዋለሁ፣ እንደ ሥጋ ናሙና በፓራፊን ሰም ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ሴል ብሎክ ይባላል። ፎርማሊንም ፓራፊንም ድሮውኑ አሉን። ከስድስት ወር በኋላ ጥያቄ ቢነሳ ያ ቁራጭ ሲዲ3 እና ሲዲ20 ወደሚሠራበት ይላካል፤ ሰውየው እንደገና አይወጋም። ዋርዶቹን ለምኜ ከሲሪንጅ ይልቅ በሰፊ ዕቃ መላክ ጀምረዋል፤ አንዳንዴ በታጠበ ሃይላንድ ይመጣል፤ እሱንም እቀበላለሁ። ሐኪሞቹን አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ናሙናው ሳይወሰድ ፕሬድኒሶሎን አትጀምሩ። ሊምፎማ በእሱ ለጊዜው ይሟሽሻል፤ እኔ የማየው ነገር ያጣሉ፤ ሕመምተኛውም «ተሻለኝ» ይላል።

ዓረፍተ ነገሬንም ቀይሬአለሁ። አሁን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ሊምፎሳይት የበዛበት ፈሳሽ። የካንሰር ሴል አልታየም፤ ትንንሽ ሴል ያለውን ሊምፎማ ግን ይህ ምርመራ ብቻውን አያስወግድም። ንፍፊት ካለ ናሙና ይወሰድ። የቲቢ ሕክምና ከተጀመረ ሕመምተኛው በአንድ ወር ውስጥ ይታይ፤ ካልተሻለው ተመልሶ ይላክልኝ።» ይረዝማል፤ አንድ ወጣት ሐኪም «የዶክተር ስብከት» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ይበል። ወደ እናንተም ላምጣው። የወላጃችሁ ወይም የልጃችሁ የሳንባ ውሃ ከተቀዳ የውጤቱን ወረቀት ኮፒ ያዙ፤ ንፍፊት ካለ ሁለቴ ሦስቴ ተናገሩ። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ በቲቢ ሕክምና መካከል ውሃው ለጊዜው የሚጨምርበት ሰው አለ፤ ስለዚህ መጨመሩ ብቻውን ምርመራው ስህተት ነበር ማለት አይደለም። ግን ወር ሞልቶ ትኩሳቱ ካልበረደ፣ ክብደቱ ካልተመለሰ ሄዳችሁ «የመጀመሪያው ስላይድ እንደገና ይታይልን» በሉ። መብታችሁ ነው። ስላይዱ ሣጥን ውስጥ አለ።

ትናንት ከሰዓት አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ መጣ፤ ሦስት አራተኛ ሙሉ፣ ሻይ የሚመስል ፈሳሽ። ወረቀቱ ላይ «ቲቢ?» ብቻ ይላል። የላከውን ሐኪም ደወልኩለት፤ አላነሳም። እንደገና ደወልኩ። በሦስተኛው አነሳ። የ34 ዓመት ሰው፣ ሹፌር፣ ሦስት ሳምንት ሳል፣ ንፍፊት የለም፤ ብብቱንም ብሽሽቱንም ዳስሻለሁ አለኝ። ስላይዱን አየሁት፤ ሊምፎሳይት ነው። ቲቢ ይመስለኛል፤ መድኃኒቱ ዛሬ ይጀመርለታል። ዝቃጩ ፓራፊን ውስጥ ነው፤ ቁጥሩን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ቀጠሮው ከአራት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ ነው።